ከኬላ የተመለሰው ሽማግሌ

ባለፈው ሳምንት ጃለኔንና ምትኩን የተውናቸው ሁለቱም በደስታ እንቅልፍ ባጡበት ጊዜ ነበር። ለአዲስ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስታውስ። ደስታቸውን ያላየ ሰው የዛሬውን ታሪክ ቢያነብ ያዝናል እንጂ የሐዘኑን ልክ አያውቀውም።

ጃለኔ ሆርዶፋ የእጃጂ ልጅ ናት፤ እዚያው በተወለደችበት ከተማ በጤና ጣቢያ ነርስ ሆና ትሠራለች። አባቷ ኦቦ ሆርዶፋ ገበሬ ናቸው፣ የወንጌል አማኝ፣ በምእመናኑ ዘንድ ቃላቸው መሬት የማይወድቅ ሰው። ምትኩ አምቦ ላይ ሒሳብ ያስተምራል። ወገኖቹ ኦርቶዶክሶች ናቸው፤ ድሮ አምቦ ገና ሀገረ ሕይወት በምትባልበት ዘመን ባለርስት ነበሩ። የእምነቱ ልዩነት ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከሱ የባሰው ግን የኦቦ ሆርዶፋ ትዝታ ነበር። ልጅ ሳሉ ከጭሰኛው አባታቸው ጋር እህል ጭነው ወደ ምትኩ አያት ግቢ ይመጡ ነበር። ለአባትና ልጅ ምሳ የሚቀርብላቸው ጓሮ ነው፣ በኮባ ቅጠል ላይ፤ በቤቱ ሳህን እንዳይበሉበት። ዘመን ተለወጠ፣ መሬት ለአራሹ ሆነ፣ ያ ቅጠል ግን ከኦቦ ሆርዶፋ ሆድ አልወጣም።

ስለዚህ የምትኩ ሽማግሎች ሁለት ጊዜ እጃጂ ደርሰው ሁለት ጊዜ በቀጠሮ ተመለሱ። ጃለኔ ሁለት ዓመት ሙሉ አባቷን ስትለማመጥ ከረመች። በመጨረሻ ሦስተኛው ቀጠሮ ለመጋቢት አሥራ ዘጠኝ፣ ለቅዳሜ ተቆረጠ። በሦስተኛው እሺ ወይም እምቢ ይባላል እንጂ አራተኛ የለም። ኦቦ ሆርዶፋ ደግሞ ሰሞኑን ለሚስታቸው ለአዴ ደብሪቱ፣ «ልጁ ጨዋ ነው መሰለኝ» ብለው ነበር። ይህች ቃል ለጃለኔ ከሠርግ ዘፈን በላይ ነበረች።

በመሃል ኮሮና የሚሉት ነገር አገር ገባ ተባለ። እጃጂ ለሁለት ተከፈለች። ግማሹ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ፌጦ ሲሻማ ዋለ፤ ግማሹ «የፈረንጅ በሽታ ነው፣ በርበሬ የሚበላ ሰው አይደፍርም» እያለ ሳቀ። ጃለኔ ድምፅ ማጉያ ይዛ ገበያውን ዞረች። ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ፣ አትጨባበጡ፣ ከአንድ ትሪ አትብሉ። አንዲት ቅቤ ሻጭ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ፣ «ትሪውን አንቺ ትገዢልናለሽ?» አለቻት፤ ገበያው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

በቤቷም የተሻለ አልገጠማትም። ጸሎት ቤቱ ይዘጋ አይዘጋ ተብሎ ምእመናኑ ሲከራከሩ፣ ኦቦ ሆርዶፋ ተነሥተው፣ «ደርግ በሩን ሲያሽገው በየጓዳችን የጸለይን ሰዎች ዛሬ ጉንፋን ፈርተን ልንበተን?» አሉና ክርክሩን ዘጉት። ጃለኔ በዚህ ንግግር ኮራችም፣ ፈራችም። አባቷ ስድሳ አምስት ዓመታቸው ነው፤ አስም አለባቸው። በክረምት ደረታቸው ሲያፏጭ ከሌላ ክፍል ይሰማል። እንደዚህ ያለ ደረት ያን በሽታ እንደማይችለው ከማንም በላይ የምታውቅ እሷ ናት።

ረቡዕ ለምትኩ ደወለች።

«ምቴ፣ ሽማግሎቹን አደራ በላቸው። እጅ እንዳይጨብጡ። ከአንድ ትሪም እንዳይበሉ። የአባን ደረት ታውቀዋለህ።»

«አባትሽ ቢቀየሙስ?» አላት።

«ለአባ እኔ እነግራቸዋለሁ። እስከ ቅዳሜ ሦስት ቀን አለ አይደል?»

«ትነግሪያቸዋለሽ?»

«እነግራቸዋለሁ አልኩህ እኮ።»

ሐሙስ ልትነግራቸው ቆርጣ ከሥራ ስትመለስ፣ ኦቦ ሆርዶፋ በጋዜጣ የተጠቀለለ ሰፊ ትሪ ታቅፈው ሲገቡ አገኘቻቸው። አዲስ ነው፤ ቅቤም ሥጋም ነክቶት አያውቅም።

«የጾማቸው ጊዜ ነው፣ ሁዳዴ» አሉ። «በእኛ ዕቃ ብናቀርብ ልባቸው ይጠራጠራል። ለፈትለወርቅም ነግሬያታለሁ። በራሷ ድስት፣ በራሷ እጅ ትሠራልናለች።»

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ጎረቤታቸው ናት፣ ጾም የማትገድፍ ኦርቶዶክስ። ኦቦ ሆርዶፋ ለእንግዶቻቸው ሲሉ በሰው ደጅ ሄደው ወጥ ሥሪልኝ ብለው ለምነዋል። ይህን ሲናገሩ ፊታቸው ላይ የነበረው ደስታ ጃለኔ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው ነበር። አፏን ከፈተች፣ አየቻቸው፣ ከዚያም «ደግ አደረጉ አባ» አለች። ሳይቃጠል በቅጠል ብላ ያኔውኑ መናገር ነበረባት። ዓርብም ሳትናገር አለፈ፤ ያን ምሽት በራሷ አፈረች።

ቅዳሜ ሦስቱ ሽማግሎች ከአምቦ በሚኒባስ መጡ። መሪያቸው የምትኩ አጎት ጋሽ ሥዩም ናቸው፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ። ኦቦ ሆርዶፋ ደጃፍ ድረስ ወጥተው እጃቸውን ዘረጉ። ሦስቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ አሉ። የተዘረጋው እጅ አየር ላይ ቀረ።

«እንዲያው ጊዜው ነው፣ ኦቦ ሆርዶፋ» አሉ ጋሽ ሥዩም።

«ኤዬ። ጊዜው ነው» አሉና ኦቦ ሆርዶፋ እጃቸውን ሰበሰቡ።

ጃለኔ ከእናቷ ጋር ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ቆማለች። ሽማግሎቹ ቆመው ጥያቄያቸውን አቀረቡ፤ ልጃችሁን ለልጃችን አሉ። ኦቦ ሆርዶፋ ሦስቱንም በየተራ አዩዋቸው።

«አባቴ በእናንተ ቤት ጓሮ ነበር የሚበላው» አሉ። «እኔም አብሬው በልቻለሁ። ይህን የማነሣው ልውቀስ ብዬ አይደለም። ዛሬ በዚህ ጣሪያ ሥር አብረን ከበላን ያ ነገር ያበቃል ብዬ ነው። ልጄን ሰጥቻለሁ። ተቀመጡ።»

አዴ ደብሪቱ የልጇን ክንድ ጨበጥ አደረገች። ጃለኔ ዕንባዋ መጣ። ለአንዲት ደቂቃ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከእሷ የበለጠ ደስተኛ ሰው በምዕራብ ሸዋ አልነበረም።

ትሪው ቀረበ። ሽሮው፣ ክኩ፣ ጎመኑ፣ በዘይት ያበደው ስልጆ ሳይቀር ሞልቶበታል። በአገሩ ልማድ ልጅ ሰጥቻለሁ የሚለው ቃል የሚጸናው ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ገበታ ሲቆርሱ ነው። ኦቦ ሆርዶፋ እጃቸውን ታጥበው ጠበቁ። ማንም እጁን አልሰደደም።

«ገለቶማ፣ እናመሰግናለን ኦቦ ሆርዶፋ» አሉ ጋሽ ሥዩም ላብ እያጠመቃቸው። «ከቤት ስንነሣ ግን ከአንድ ትሪ ላንበላ ተማምለናል። ለበሽታው ነው። ለየብቻችን በሰሃን ቢደረግልን…»

«ለየብቻ» አሉ ኦቦ ሆርዶፋ።

«ለበሽታው ብለን ነው።»

«በሚኒባሱ ስንት ሆናችሁ መጣችሁ?»

ጋሽ ሥዩም ላባቸውን ጠረጉ።

«ጉልበት ለጉልበት ተጣብቃችሁ መጣችሁ። በሽታው መንገዱን ሁሉ ተኝቶ እኔ ትሪ ላይ ሲደርስ ነቃ? የሠራችው እኮ የእናንተው ሰው ናት። ፈትለወርቅ ናት።»

ጋሽ ሥዩም ቀስ ብለው ወደ መጋረጃው ዞሩ። በመጋረጃው ጫፍ የጃለኔን ዓይን አገኙት። መሐላው ከማን እንደመጣ ያውቃሉ፤ ምትኩ ነግሯቸዋል። «ልጅዎ ናት ያለችን» ቢሉ ከዚህ ሁሉ ውርደት በአንድ ቃል ይወጡ ነበር። ቃሉን ለራሷ ትተው ጠበቋት። ጃለኔም መናገር ፈለገች። ያን ቀን በሦስት ሽማግሌ ፊት አባቷን «ትሪዎን የከለከልኩት እኔ ነኝ» ማለት ግን አልደፈረችም። ጋሽ ሥዩም ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ ብቻ።

ኦቦ ሆርዶፋ እስካሁን ለእንግዶቻቸው ክብር በአማርኛ ነበር የሚናገሩት። አሁን ወደ ሚስታቸው ዞረው በኦሮምኛ «ማዲ ካሲ» አሉ፤ ማዕዱን አንሺ ማለታቸው ነው። ከዚያ ለሽማግሎቹ፣ «ቃሌን መልሻለሁ» አሏቸው። ጃለኔ እዚያው ጓዳ ውስጥ ቁጭ አለች። ከማዘኗ ይልቅ ራሷን መጸየፏ በረታ።

ሰኞ ዕለት ሰው የሚጭን መኪና ከከተማ ከተማ እንዳይንቀሳቀስ ተከለከለ። ሐሙስ ሽንኩርት የሚያመላልሰው የአይሱዙ ሹፌር ቱፋ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቆሞ ደብዳቤ ሰጣት። ምትኩ ስልክ እያለው ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ነው፤ ከቅዳሜ ወዲህ ደግሞ ስልካቸው ሁሉ በለቅሶ ነበር የሚያልቀው።

«ጃለኔዬ፣» ይላል፣ «ጋሼ ሥዩም ስምሽን ላያነሡ ምለዋል። እናቴ ‹ከደጅ ያባረረንን ሰው ደጅ አንረግጥም› ብላለች። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ ቀረሁ። አንቺን ሳስብ የምትጠይኝ ይመስለኛል፤ ስለምን እንደምትጠይኝ ግን አላውቅም። ያልሽኝን ነው ያደረግሁት። እውነቱን ለአባትሽ ንገሪያቸው። ከእውነት በኋላ የሚመጣውን አብረን እንቀበላለን።»

ወረቀቱን ሦስቴ አነበበችው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእሷ እውነት ግን በአደረ ቁጥር ሲከፋ አይታለች። ከሥራ በቀጥታ ወደ ቤት ሄደች። ኦቦ ሆርዶፋ ደጅ ከዋንዛው ሥር ተቀምጠዋል።

«አባ፣ ሽማግሎቹን ከአንድ ትሪ አትብሉ ያልኳቸው እኔ ነኝ። ለደረትዎ ፈርቼ ነው። ልነግርዎት ነበር፤ ትሪውን ይዘው ሲመጡ አቃተኝ።»

አባቷ ይቆጣሉ ብላ ነበር። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

«አንቺ ነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«እነሱ ንቀውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሱን ለምጄዋለሁ።»

ከዚያ ተነሥተው ወደ ማሳቸው ሄዱ። ጃለኔ ተከትላ ልትሄድ ፈለገች፤ ከዋንዛው ሥር ግን አልራቀችም። የአባቷን ጀርባ እያየች፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቷ እንዳረጁ ታያት።

እሑድ ከአምልኮ መልስ ኦቦ ሆርዶፋ ራሳቸው ጀመሩት። «ሥዩም የሚሉት ሰው አላጋለጠሽም። ስድቤን ተሸክሞ ሄደ። ሰው ነው» አሉ። «ይምጣ። ከኔ ጋር ከአንድ ትሪ አንዲት ጉርሻ ይቅመስ። ቃሌ ያን ጊዜ ይጸናል። በስልክ ግን እንዳታደርጉት፤ ሽምግልና በስልክ አይሆንም።»

ጃለኔ ለምትኩ ደውላ የአባቷን ቃል ነገረችው። «መንገዱ እስኪከፈት እንቆይ» አለችው።

«መንገዱ የሚከፈትበትን ቀን የሚያውቅ ሰው አለ? አባትሽ ዛሬ የራራ ልባቸው ነገ ቢጠነክርስ?» አለ ምትኩ።

ቢሆንም ስልኩን ስትዘጋ ተስፋ አድሮባት ነበር፤ እሱ ነው በኋላ የጎዳት።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ጃለኔ በከተማዋ መግቢያ ኬላ ተረኛ ነበረች። አስፋልቱ ላይ ገመድ ተወጥሯል፤ አንድ ፖሊስ፣ አንድ የቆመ አምቡላንስ፣ አንድ የውኃ ጀሪካን፣ በእሷ እጅ ደግሞ ግንባር ላይ የሚደገነው የሙቀት መለኪያ። የቱፋ አይሱዙ መጥቶ ቆመ።

«ረዳትህ የታል?» አለው ፖሊሱ። የጭነት መኪና ከሹፌርና ከረዳት ሌላ መጫን አይፈቀድለትም።

«ይኸው» አለ ቱፋ።

ረዳት የተባሉት ጋሽ ሥዩም ናቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ነጠላቸውን ደርበው ጋቢና ውስጥ ተቀምጠዋል። ፖሊሱ ሳቁን መደበቅ አቃተው። ጃለኔም ሳቀች፤ ለምን እንደመጡ ስለገባት በደስታ ሳቀች። ምትኩ ጠዋት ለኦቦ ሆርዶፋ ደውሎ መምጣታቸውን ተናግሯል። ለእሷ አልነገራትም፤ የሽማግሌ ነገር ለልጅቱ አስቀድሞ አይነገርም።

መለኪያውን ግንባራቸው ላይ ያዘች። ሠላሳ ስምንት ነጥብ አራት። ደግማ ለካች። ያው ነው።

«ፀሐይ ነው፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሥዩም። «ጋቢናው ምድጃ ነው።»

ጥላ ሥር አስቀምጣ ውኃ ሰጠቻቸው። ግማሽ ሰዓት ቆየች፤ እነዚያን ደቂቃዎች እንዴት እንደጸለየች እግዜር ነው የሚያውቅ። ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሁለት። ጋሽ ሥዩም አንድ ጊዜ አሳላቸው።

ስልኳ ጮኸ። አባቷ ነበሩ። «ደረሰ ወይ? ፈትለወርቅ አቅርባ ጨርሳለች» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ያ ትሪውን ታቅፈው የገቡ ዕለት ያየችው ደስታ ነበር።

«ልጄ፣ አንዲት ጉርሻ ቀምሼ ልመለስ» አሉ ጋሽ ሥዩም ከጥላው ሥር። «ለምትኩ ስትይ። ከገመዱ ሳላልፍ አባትሽ እዚህ ይምጡ ብትይም እሺ።»

ጃለኔ የአባቷን ደረት አሰበች። ከዚያ ምትኩን አሰበች፤ ሲጽፍ ግንባሩን እንዴት እንደሚቋጥር ሳይቀር። ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝ የሚቻል መስሏት ሁለት ዓመት ደክማ ነበር።

«አይገቡም፣ ጋሼ» አለች። «ወደ ለይቶ ማቆያ ነው የሚሄዱት።»

ጋሽ ሥዩም ቀና ብለው አይዋት። «ይህን ያለው ማነው? አለቃሽ ነው?»

«እኔ ነኝ።»

በአገሩ ሕግ አባት እምቢ ቢል ይለመናል። እናት ብታኮርፍ ትለመናለች። ሽማግሌን በገዛ አፏ የመለሰችው ልጅቱ ራሷ ከሆነች ግን ነገሩ አበቃ፤ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ የሚልክም፣ የሚሄድም የለም። ይህን ጋሽ ሥዩም ያውቃሉ። ጃለኔም ታውቃለች። ገበያ የዋለ ሰው ሁሉ ገመዱ ማዶ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ እሱም ያውቃል።

«እንዲያ ከሆነ መልሱን ሰምቻለሁ» አሉ አዛውንቱ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ አንድም ክፉ ቃል ሳይናገሩ ወደ አምቡላንሱ ገቡ። ጃለኔ መለኪያውን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ተከትላ ሮጣ «መልሴ አይደለም» ልትላቸው እየፈለገች፣ ቀጥሎ የቆመው መኪና ጥሩንባውን ነፋ።

ጋሽ ሥዩምን ጉደር በኩል ተማሪ ወጥቶለት ለይቶ ማቆያ የሆነ ግቢ ወሰዷቸው። ውጤታቸው በሳምንቱ መጣ፤ ኮሮና የለባቸውም። ታይፎይድ ይሁን ፀሐይ፣ ያን ጊዜ ሌላ በሽታ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ሆኖም አሥራ አራቱን ቀን መጨረስ ግዴታ ስለነበር ፋሲካን እዚያው፣ ከተማሪ ተደራራቢ አልጋ ላይ ተቀምጠው፣ ጾማቸውን ብቻቸውን ፈቱ።

በፋሲካ ማግሥት ቱፋ ሌላ ደብዳቤ አመጣ። ዓይኗን እያየ አልነበረም የሰጣት።

«ጋሼ አልተቀየሙሽም» ይላል ምትኩ። «እናቴና ዘመዶቼ ግን ‹መልሱን ከልጅቱ አፍ ሰማን› ብለው ዘጉት። ሥራሽን እንደሠራሽ ለሁሉም ተናገርኩ። ደጋግሜ ስናገር ግን እኔም ጥርጣሬ ገባኝ። መጀመሪያ አትብሉ አልሽ። ቀጥሎ ለአባትሽ ሳትነግሪ ቀረሽ። ከዚያ አይገቡም አልሽ። ጃለኔ፣ እኔን ላለማግባት ነበር? ከሆነ ያን ሁሉ ሰው ሳናስቸግር ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝ ይበቃኝ ነበር። እወድሻለሁ፤ ለዚህም ስል ከእንግዲህ አላስቸግርሽም።»

ደወለችለት። ይጠራል፣ አይነሣም። አሥር ጊዜ ደወለች። ከዚያ በኋላ ስልኩ ጨርሶ መጥራቱን ተወ።

ኦቦ ሆርዶፋ ደጅ አገኟት፤ ወረቀቱ እጇ ላይ ነው። ከማክሰኞው ቀን ወዲህ ስለ ኬላው አንድም ቃል አላነሡባትም ነበር። አጠገቧ ተቀመጡ፤ ድምፃቸው ልጅ ሳለች ስትታመም እንደሚያናግሯት ያለ ለስላሳ ነበር።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ልጁን ካልፈለግሽው መጀመሪያውኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አሉ። «እኔ እኮ አላስገድድሽም ነበር። እኔ ሰጠሁ ያልኩት አንቺ የወደድሽው መስሎኝ ነው።»

ጃለኔ ብዙ ልትል ፈለገች፤ ስለ ደረታቸው፣ ስለ ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሁለት፣ በጸሎት ስላሳለፈችው ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ሁሉ አንዲት ቃል ብቻ ወጣች።

«እወደዋለሁ፣ አባ።»

ኦቦ ሆርዶፋ ራሳቸውን ነቀነቁ። የልጃቸውን እጅ ያዙ፤ እሷም በሽታው ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አትያዙኝ አላለችም። አዘኑላት እንጂ አላመኗትም፤ ይሉኝታ ይዟት የምትናገር ነበር የመሰላቸው።